የሚካኤል መጋረጃ ጀርባ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ሕይወት የስፌት መኪና ገዛች። በእግር የምትረገጥ፣ ጥቁር፣ ወገቧ ላይ ወርቃማ አበባ የተሣለባት ናት። ጎረቤቱ ሁሉ ሊያይ ተሰበሰበ። መኪናዋን ልግጠም ብሎ የተነሣው ማን መሰላችሁ? የሕይወት ወንድም። "አንቺ ቆይ፣ የብረት ነገር ነው" ብሎ መፍቻውን ከእጇ ቀማት። ስፌት የተማረችው እሷ ናት። እሱ የሸሚዙ ቁልፍ ሲበጠስ እንኳ የምትተክልለት እሷ ናት።

ዝም ልል ነበር። አርጅቻለሁ፤ ሁልጊዜ መጮህ ያደክማል። ግን ልጁ የዘይቷን ጠርሙስ ከፈተና ጠብ ጠብ ሲያደርግ ሽታው መጣ። ያ ቀጭን፣ ብረት ብረት የሚል የመኪና ዘይት ሽታ። የልጅነት ቤቴን አመጣብኝ።

በዚያ ላይ መኪናዋን ሊባርክ የመጣው ታላቅ ወንድሜ ቄስ ብርሃኑ መደቡ ላይ ተቀምጧል። ሕይወት ዞር አለችና፣ "አባባ፣ እርስዎ ያሳዩት እንጂ! የሚካኤልን መጋረጃ በልጅነትዎ የሰፉት እርስዎ አይደሉ?" አለችው።

ወንድሜ መስቀሉን አገላበጠ። "እንግዲህ የጥንት ነገር ነው ልጄ" አለ። አዎ አላለም፤ አይደለሁምም አላለም። ልክ እንደዚያን ጊዜ።

ስለዚህ ይኸው እጽፋለሁ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። እውነት ለመጻፍ ይበቃል።

ልጅ ሳለን የምንኖረው ከገነተ ማርያም ማዶ፣ ገደሉ ሥር ባለች መንደር ነበር። እኔ አሥር ዓመቴ ነው፤ ብርሃኑ አሥራ ሦስት ሞልቶት ዲቁና ተቀብሏል። የዚያን ዓመት መስከረም፣ ገብሱ ገና ሳይታጨድ፣ የአባቴ እህት ከወልድያ መጣች። እኛ እታለም ነበር የምንላት። ባሏ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሞተባት። ልጅ አልነበራትምና የቀራትን ሁሉ በቅሎ ላይ ጭና ወደ ወንድሟ ቤት ተመለሰች። የቀራት ሁሉ ማለት አንድ አገልግልና አንድ የእንጨት ሣጥን ነው።

ሣጥኑ ሲወርድ ሁለት ሰው ያዘው። እኔ ባሏን ይዛው የመጣች መስሎኝ ነበር። ሬሳ በሣጥን እንደሚገባ ሰምቼ ነበርና፣ ክዳኑ ሲከፈት በእናቴ ቀሚስ ውስጥ ተደበቅሁ። ከጭዱ መሐል የወጣችው ግን ጥቁር ብረት ናት፤ አንገቷን የደፋች፣ በጎኗ እጀታ ያላት፣ በእጅ የምትዞር።

"ይቺ ናት ባሌ" አለች እታለም ስቃ። እኔም አመንኳት፤ ብዙ ቀን ሳልፋት እጅ እነሣ ነበር።

መኪናዋን መትከሉ ራሱ ሥራ ነበር። መደብ ላይ ብናስቀምጣት ስትዞር እየዘለለች ወደ ጫፍ ትሄዳለች። አባቴ የዋንዛ ሳንቃ ጠርቦ ሰጠ፤ እታለም ሳንቃው ላይ አሰረቻት። "አጋድለሽ ብትተክያት ጠማማ ነው የምትሰፋው" እያለች በጣሳ ውሃ ሞልታ ሳንቃው ላይ ታስቀምጣለች፤ ውሃው ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ከሥሩ ጠጠር ትጨምራለች። አባቴ "ቤት ስሠራ እንኳ እንዲህ አልተጨነቅሁ" ይላል። እሷም "ለዚህ ነው ቤትህ ያዘመመው" ትለዋለች።

መርፌዋን ሳይ ግን አዘንኩላት። የኛ መርፌ ቀዳዳው በጀርባው ነው። የሷ መርፌ ቀዳዳው በጫፉ፣ በሚወጋበት በኩል ነው። የተሳሳተ መርፌ የሸጡላት መሰለኝ።

"እታለም፣ አታለሉሽ" አልኳት በጆሮዋ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ። "ቀዳዳው በአፉ ነው።"

ሳቀች፤ ሳቋ ሲያበቃ አቀፈችኝ። "በዚህ ቤት መርፌዋን አስተውሎ ያየ አንቺ ብቻ ነሽ" አለችና ከዚያ ቀን ጀምሮ አስተማረችኝ።

መጀመሪያ ክር አልሰጠችኝም። የባሕር ዛፍ ቅጠል ለቅሜ አመጣለሁ፤ ያለ ክር ቅጠሉን እወጋለሁ። ቀዳዳዎቹ ቀጥ ብለው ከጫፍ ጫፍ ከደረሱ ቅጠሉን ግድግዳው ላይ ትሰካዋለች። ከተጣመሙ "ለፍየል ስጪው" ትላለች። በቀኝ እጄ አዞራለሁ፤ በግራዬ እመራለሁ። ወደ ኋላ ማዞር ክልክል ነው። "ወደ ኋላ ካዞርሻት ክሩን ትበላዋለች" አለችኝ። እኔ የምትበላው ርቧት መስሎኝ አንድ ቀን ቆሎ በትኜላት ተገርፌያለሁ። ግድግዳችን በተወጋ ቅጠል ሞላ፤ ቤቱ ባሕር ዛፍና የመኪና ዘይት ሸተተ። በሕይወቴ እንደዚያ ጥሩ የሸተተ ቤት አላውቅም።

የጥቅምት አጋማሽ ላይ የደብራችን አለቃ፣ አለቃ ተክሌ፣ ከብርሃኑ ጋር መጡ። ተሳላሚዎች ለደብራችን ለሚካኤል ቀይ የመጋረጃ ጨርቅ ሰጥተዋል፤ ሦስቱን ቁራጭ ጎን ለጎን ማያያዝ፣ ዙሪያውን መቀምቀም፣ ከታች ቢጫ ዘርፍ መትከል ያስፈልጋል። የከተማው ሰፊ እስከ ገና አይደርስልኝም ብሏቸዋል። ለኅዳር ሚካኤል መሰቀል አለበት።

"እሰፋዋለሁ አባቴ፣ በደስታ" አለች እታለም።

አለቃ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "አንቺማ አይሆንም፣ ልጄ። ለመቅደስ የሚሰቀል ነው። አደፍ የምታይ ሴት አትነካውም።"

እኔ የእታለምን እጅ አየሁ። ከቤቱ ሁሉ የጸዳ እጅ የሷ ነበር፤ ክር እንዳታቆሽሽ በየጊዜው ትታጠባለች። የአለቃ ጥፍር ውስጥ ግን አፈር ነበረ። ምን እያሉ እንደሆነ አልገባኝም። ቢገባኝም ኖሮ አልስማማም ነበር። የለበሱት ጋቢ የማን ፈትል ነው? የጠመጠሙት ነጠላ የማን ፈትል ነው? ወንድ ሲፈትል አይቼ አላውቅም።

እታለም አልተከራከረችም። "ይቺስ?" አለች እኔን እያመለከተች። "ይቺ ገና ሕፃን ናት።"

አለቃ አዩኝ። "ትችላለች?"

እታለም ግድግዳውን አሳየቻቸው። አለቃ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ተመለከቱ፤ አንዱን ነቅለው ወደ ብርሃን አነሡት። "ቀጥ ያለ ነው" አሉ። "እሺ። ነገር ግን ጨርቁ ከዚህ ቤት እስኪወጣ አንቺ መኪናዋንም አትንኪ። ዲያቆኑም ከጨርቁ አይለይ።"

መኪናዋ የእታለም ናት! የገዛ መኪናዋን አትንኪ ተባለች።

ስፌቱ እንዲህ ነበር። እኔ ሳንቃው ፊት እቀመጣለሁ። እታለም አንድ እርምጃ ርቃ፣ ሁለት እጇን ነጠላዋ ውስጥ ጠቅልላ ትቀመጣለች፤ በአፏ ብቻ ታሰፋኛለች። "ክሩን አሳልፊ። አይ፣ በላይኛው ሽቦ። አሁን ውረጂ። ከግራ ወደ ቀኝ፣ በመርፌዋ አፍ። ጎሽ።" ስሳሳት እጇ ነጠላው ውስጥ ሲንፈራገጥ አያለሁ፤ እንደ ታሰረ ዶሮ። ከንፈሯን ትነክሳለች እንጂ አታወጣውም። ብርሃኑ ጥግ ተቀምጦ ዳዊት ይደግማል፤ ከዚያ ሽምብራ ይቆረጥማል፤ ከዚያ ይተኛል። ጠዋት ጨርቁን ተሸክሞ ያመጣል፤ ማታ ተሸክሞ ይመልሳል። መንደሩ የሚያየው ይህንን ነው፤ ጨርቅ የተሸከመ ዲያቆን።

ሁለት ጊዜ መርፌ ጣቴን ወጋኝ። ደም ጨርቁ ላይ እንዳይወድቅ ጣቴን አፌ ውስጥ ከትቼ በአንድ እጄ አዞርኩ።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ቀዩ ክር ሊያልቅ ተቃረበ። ለላይኛውም ለታችኛውም አይበቃም፤ በአካባቢው ሱቅ ደግሞ ቀይ የለም። በመኪና ስፌት የላይኛው ክር በፊት፣ የታችኛው በጀርባ ነው የሚታየው። እታለም አሰበችና እናቴን "እስቲ ከድርሽ ከቀጭኑ አምጪልኝ" አለቻት። እናቴ ለሸማኔ ያዘጋጀችውን ነጭ ድር አመጣች።

"የእጅ ፈትል መኪና ውስጥ ይበጠሳል፤ ሰም መቀባት አለበት" አለች እታለም። ሰም የት ይገኛል? ብርሃኑ ነቃና ከኪሱ የቤተ ክርስቲያን የጧፍ ቁራጭ አወጣ። ሐቅ ሐቅ ነው፤ ያቺን ጧፍ የሰጠ እሱ ነው። ድሩን በሰሙ ላይ እየጎተትኩ አሸሁት፤ የታችኛውን ክር በምትይዘው ትንሽ መወርወሪያ ላይ ጠቀለልኩት። መኪናዋ ትንሽ አጉረመረመች እንጂ ተቀበለችው። በፊቱ ቀይ ስፌት፣ በጀርባው የእናቴ ነጭ ፈትል። እንደዚያ አድርጌ ጨረስኩ።

ለኅዳር ሚካኤል ዋዜማ መጋረጃው ተሰቀለ። በማግሥቱ ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆመ። አዲስ ቀሚስ የለኝም፤ ግን ፀጉሬ ተሠርቷል። እታለም ቅቤ ቀብታኛለች። ስሜ ሊጠራ ነው።

አለቃ ስብከታቸውን ጨረሱና እንዲህ አሉ፤ "ይህን ያማረ መጋረጃ ሰፍቶ ለደብራችን ያበረከተ ዲያቆን ብርሃኑ ነው። እጁን ይባርክለት።"

ሴቶቹ እልል አሉ። እናቴም እልል አለች። ከሁሉም በላይ የሷ እልልታ ነበር የረዘመ። የገዛ ፈትሏ ያለበትን መጋረጃ ለወንድ ልጇ ሰጥታ እልል አለች!

"እኔ ነኝ!" ብዬ ጮኽሁ። "እኔ ነኝ የሰፋሁት!"

እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ ቆዳዬን ጠምዝዛ። እልልታው ድምፄን ዋጠው። ብርሃኑን አየሁት። ጆሮው ቀልቷል። አንገቱን ደፍቶ ቆሟል፤ ሰዎች ትሕትና መሰላቸው።

ቤት ስንገባ ያዝኩት። "ለምን ዝም አልክ?"

"አለቃ ሲናገሩ እንዴት ይታረማል?"

"አሁን ሂድና ንገራቸው።"

"ያውቃሉ እኮ" አለ። "እሳቸው ያውቃሉ። ሕዝቡ ሴት ልጅ ሰፋችው ቢባል ያጉረመርማል ብለው ነው።"

አባቴም ከውጭ ገባና፣ "ምን ያነታርካችኋል? ያው ከአንድ ቤት ነው" አለ።

"ከአንድ ቤት ከሆነ የኔ ስም ለምን አልተጠራም?"

"አንቺ ልጅ፣ ምላስሽ ከቁመትሽ ረዘመ።"

እታለም ጥግ ላይ ነበረች። መኪናዋን ዘይት እያጠጣች ነበር፤ ጨርቁ ስለወጣ መንካት ተፈቅዶላታል። ስንሰቀሰቅ ቆይቼ ሥሯ ተቀመጥኩ። "አስካለ" አለችኝ ቀስ ብላ፣ "መጋረጃው እንዴት እንደተሰቀለ አየሽ? ፊቱ ወደ ሕዝቡ ነው። ጀርባው ወደ ታቦቱ ነው። ሰው ቀዩን ያያል። ነጩን፣ የናንተን፣ ታቦቱ ያየዋል።"

ሌላ ሰው በዚህ ይጽናና ይሆናል። እኔ አልተጽናናሁም። "ታቦቱ ማየቱን አልጠላሁም" አልኳት። "ሰውም ይይ!"

እታለም ዘይት የያዘ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አላወቅሁም። ግን የሚቀጥለውን ያደረገችው ይህን ስላልኩ ይመስለኛል።

ለጥምቀት ሁለት ሳምንት ሲቀር አለቃ እንደገና መጡ። የታቦቱ ጃንጥላ ዘርፉ ረግፏል፤ ጨርቁም በሁለት በኩል ተተርትሯል። አባቴ አለ፣ እናቴ አለች፣ ከማዶ የመጡ ሁለት ሽማግሌዎች አሉ።

"ያቺን ልጅ ጥሪልኝ" አሉ አለቃ።

እታለም ተነሥታ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች። "ምነው አባቴ? ዲያቆኑ እያለ?" አለች ድምፅዋን አለዝባ። "በመላው ደብር ፊት የተመሰገነ እጅ እያለ ሕፃን ያስቸግራሉ? ብርሃኑ፣ ና ልጄ። ጎሽ። ተቀመጥ።"

መኪናዋን ብርሃን ወዳለበት ወደ በሩ አዙራ አስቀመጠች። ክሩን ሁሉ አስቀድማ ከመርፌዋ አውጥታዋለች። የክር ማጠንጠኛውን በእጁ አስያዘችው። "በል ስፋ።"

ብርሃኑ አለቃን አየ። አለቃ ጢማቸውን ያዙ። ሽማግሌዎቹ ሊያዩ ጠጋ አሉ፤ "እስቲ አሳየን አንተ ጎበዝ" አለ አንደኛው ከልቡ።

ክሩን በምራቁ አረጠበ። ጫፉን አሾለው። ከዚያ ቀዳዳውን መፈለግ ጀመረ፤ በላይ፣ በመርፌዋ ጀርባ፣ የኛ መርፌ ቀዳዳው ባለበት። ሦስት ሳምንት ሙሉ አጠገቧ ተቀምጦ አንድ ቀን ቀና ብሎ አላያትም! በላይ በኩል ብረቱን በክር ሲጠልፈው ቆየና እጀታውን ያዘ። ወደ ኋላ አዞረው። መርፌዋ ጨርቁን ይዛ ተጠማዘዘች፤ ጧ! ብላ ተሰበረች።

አንደኛው ሽማግሌ "መጋረጃውን እንዲህ ነው የሰፋኸው?" አለ። የብርሃኑ ዓይን እንባ ሞላ። በዚያች ደቂቃ አዘንኩለት፤ እውነቴን ነው። ግን ደቂቃዋ አጭር ነበረች።

እታለም ከነጠላዋ ጫፍ ሌላ መርፌ ፈታች። አስቀድማ ቋጥራው ነበር። ለኔ ሰጠችኝ።

አለቃ የተሰበረችውን መርፌ ከጨርቁ ነቀሉ። "ነይ ልጄ፣ ስፊ" አሉ በመጨረሻ።

"አልሰፋም።"

አባቴ ዱላ ለማንሣት ተነሣ። አለቃ እጃቸውን ዘረጉ። "ተዋት። ምን ትፈልጊያለሽ?"

"በተናገሩበት ይናገሩልኝ። ዐውደ ምሕረቱ ላይ።"

"መጋረጃውን የሰፋሽው አንቺ መሆንሽን እኔ አውቃለሁ። ይኸው፣ በሰው ፊት ተናገርኩ።"

"ይሄ ቤታችን ነው" አልኳቸው። "የዋሹት እዚያ ነው።"

ለአለቃ 'ዋሹ' ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። እናቴ ፊቷን ሸፈነች። አለቃ ግን አልተቆጡም፤ ደከማቸው መሰለኝ። "ለጥምቀት ይነገራል" አሉ። ቃላቸውን አምኜ መርፌዋን ተከልኩ፤ ክሩን በአፏ ከግራ ወደ ቀኝ አሳለፍኩ፤ ጃንጥላውን በአምስት ቀን ጨረስኩ። ሽማግሌዎቹ የመጀመሪያውን ስፌት ቆመው አዩ።

ጥምቀት ደረሰ። ታቦቱ በኔ ጃንጥላ ሥር ወጣ። አለቃ ሕዝቡን ባረኩና፣ "ጃንጥላውን ያሳደሱልን የዲያቆን ብርሃኑ ቤተሰብ ናቸው" አሉ።

ቤተሰብ!

እናቴ ወዲያው ክንዴን ያዘች፤ እጮሃለሁ ብላ። አልጮህኩም። ያን ቀን ከእንግዲህ ለደብሩ አንዲት ስፌት አልሰፋም ብዬ ማልኩ። አልሰፋሁምም። ለሙሽራ ሰፍቻለሁ፤ ለክርስትና ልጅ ሰፍቻለሁ፤ ለለቅሶ ሰፍቻለሁ። በእታለም መኪና፤ እሷን ለኔ አውርሳ ነው የሞተችው።

ወደ ቅዳሜው ልመለስ። ወንድሜ "እንግዲህ የጥንት ነገር ነው" ሲል ተነሣሁ። ከልጁ እጅ መፍቻውን ወስጄ ለሕይወት መለስኩላት፤ መኪናዋን ገጠመች፤ ውሃ በብርጭቆ ሞልታ ሰሌዳው ላይ አስቀመጠች፤ ትክክል ነበር። ከዚያ የክሩን ጫፍ ይዤ ወንድሜ ፊት ቆምኩ። በሰው ፊት ለክህነቱ ስል እርስዎ ነው የምለው። የዚያን ቀን አላልኩም።

"ብርሃኑ፣ በል አስገባ" አልኩት።

ሁሉም ሳቀ፤ ቀልድ መሰላቸው። እሱ አልሳቀም። ክሩን ተቀበለኝ። መነጽሩን አደረገ፤ ጎንበስ ብሎ መርፌዋን ብዙ አያት። በመጨረሻ ቀና አለና በዚያ በቅዳሴ በሻከረ ድምፁ፣

"አስኩ፣ ቀዳዳው በየት በኩል ነበር?" አለኝ።

ሕይወት እሱን አየች፤ እኔን አየች። "እማማ… መጋረጃውን አንቺ ነሽ እንዴ?"

"እሷ ናት" አለ ወንድሜ። "እኔ ጧፍ ነው የሰጠሁ።"

ተናገረ። ደግ። ግን ይሄም ቤት ነው።

ኅዳር ሚካኤል ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። በአሁኑ ጊዜ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆሞ የሚሰብከው እሱ ራሱ ነው። እኔ በሴቶች በኩል፣ የዚያን ጊዜ በቆምኩበት እቆማለሁ። እውነቱን ከተናገረ እልልታውን የምጀምረው እኔ ነኝ። ካልተናገረ እኔ እናገራለሁ፤ አሁን ክንዴን የሚቆነጥጥ የለም።